እንቁላሉን ጎጆው ውስጥ መተው፦ ስለ ዶሮቲ ሆጅኪን የተደረገ ንግግር

ይህ ጽሑፍ ለኬሚስትሪ ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው በአንድ ምሽት ያደረግሁት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ስመልሰው ጥቂት ቦታ ላይ አሳጥሬዋለሁ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን አመሻችሁ።

እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ነበረች። በቤታችን ማቀዝቀዣ ስላልነበረ ኢንሱሊኗን በላስቲክ ጠቅልላ ውኃ በያዘ ገንቦ ውስጥ ታንጠለጥለው ነበር። ማለዳ ማለዳ ብልቃጡን ታወጣና በሁለት መዳፎቿ መካከል በዝግታ ታንከባልለዋለች። አንድ ቀን ልርዳሽ ብዬ ተቀበልኳትና እንደ ሽሮፕ ጠርሙስ ናጥኩት። «ኧረ አትናጠው!» ብላ ከእጄ ነጠቀችኝ። ነርሷ እንዲያ ብላ አስጠንቅቃታለች። ለምን እንደሆነ ግን እሷም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም።

ያ ፈሳሽ ለምን ወተት እንደሚመስል የገባኝ ኬሚስትሪ ማስተማር ከጀመርኩ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ያደፈረሰው ክሪስታል ነው። በዓይን የማይለዩ እልፍ የኢንሱሊን ክሪስታሎች በፈሳሹ ውስጥ ተንሳፈዋል። ከቆዳ ሥር ሲገቡ ቀስ እያሉ ስለሚሟሙ መድኃኒቱ ለብዙ ሰዓት ይሠራል። እናቴ በየማለዳው በመዳፏ የምታንከባልለው ክሪስታል ነበር ማለት ነው።

ዛሬ የማወራላችሁ ሴት የኢንሱሊንን ክሪስታል በኤክስሬይ ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶግራፍ ያነሳችው በ1935 ነው። በክሪስታሉ ውስጥ እያንዳንዱ አቶም የት እንደተቀመጠ ያወቀችው ደግሞ በ1969 ነው። ሠላሳ አራት ዓመት። ይህ ቁጥር በተጠራ ቁጥር «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚል ሰው አይጠፋም፤ እኔም ለተማሪዎቼ እንዲያ እያልኩ ኖሬአለሁ። ታሪኩን ጠጋ ብዬ ሳነበው ግን ተረቱ ለዚህች ሴት እንደማይገጥም ታወቀኝ። እሷ እንቁላሉን በእግሩ ለማስኬድ አልታገለችም። ገና እንቁላል መሆኑን አይታ ጎጆው ውስጥ መልሳ አስቀመጠችውና ሌላ ሥራ ልትሠራ ሄደች። ዛሬ ማታ የምሟገተው ለዚህች አንዲት ነገር ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። በእድሜም በማዕረግም አንቱ ልላት በተገባ ነበር። ነገር ግን በቤተ ሙከራዋ ውስጥ ከአዲስ ገቢ ተማሪ ጀምሮ ሁሉም ሰው «ዶሮቲ» ብሎ በስሟ እንዲጠራት ትፈልግ ነበር። በነገሥታት ፊት የቆመች ሴት ለተማሪዎቿ ዶሮቲ ከሆነች፣ ለእኛም ዶሮቲ ትሁን።

ዶሮቲ ክሮውፉት (ሆጅኪን የባሏ ስም ነው) በ1910 ካይሮ ውስጥ ተወለደች። አባቷ በግብፅ፣ በኋላም በሱዳን የትምህርት ሹም ነበሩ፤ ከዚያም አርኪኦሎጂስት ሆኑ። እናቷ ሞሊ ዕፅዋት ትሥላለች፤ ከሁሉ በላይ ግን ልቧ በፈትልና በሽመና ላይ ነበር። የሱዳንና የግብፅ ሴቶች እንዝርት እንዴት እንደሚያሾሩ ተምራ ጽፋለች። ይህን የምነግራችሁ ለጌጥ አይደለም፤ ወደ ሽመናው እመለሳለሁ።

ልጅቱ እንግሊዝ አገር ስታድግ፣ በ10 ዓመቷ ገደማ አሉም የሚባለውን ጨውና የመዳብ ሰልፌትን ክሪስታል ማሳደግ ተማረች። እዚህ ያላችሁ ተማሪዎችም ሠርታችሁታል፤ በሰማያዊው ውኃ ውስጥ ክር አንጠልጥሎ መጠበቅ ነው። በ13 ዓመቷ ወላጆቿን ለመጠየቅ ካርቱም ሄደች። እዚያ ዶክተር ጆሴፍ የሚባሉ የአፈር ኬሚስት ነበሩ፤ የቤተሰቡ ወዳጅ። ልጅቱ ሰዎች ወርቅ ሲያጥቡ አይታ እሷም በግቢው ቦይ ውስጥ አፈር ስታጥብ አንድ ጥቁር አንጸባራቂ ማዕድን አገኘች። ወደ ዶክተሩ ሮጠች። አብረው በኬሚካል መረመሩትና የብረትና የቲታኒየም ውህድ የሆነው ኢልመናይት ሆኖ ተገኘ። ካርቱም የዓባይ ደለል የሚያርፍባት ከተማ ነች። ያ ጥቁር ማዕድን ከየት ተጠርጎ እንደመጣ የሚመሰክር የለም፤ እኔ ግን ጎጃሜ ነኝና የራሴ ጥርጣሬ አለኝ። ዶክተር ጆሴፍም የማዕድን ፈላጊዎችን የመመርመሪያ ሣጥን ሸለሟት፤ እሷም እንግሊዝ ስትመለስ በቤቷ ጣሪያ ሥር ቤተ ሙከራ ከፈተች።

በትምህርት ቤቷ ኬሚስትሪ የወንዶች ነበር። ለሁለት ሴት ልጆች ብቻ ተፈቀደ፤ አንዷ እሷ ነበረች። በዚያ ዘመን እናቷ ዊሊያም ብራግ ለልጆች ከሰጧቸው ንግግሮች የተዘጋጀ መጽሐፍ ገዛችላት። መጽሐፉ በኤክስሬይ አቶሞችን ማየት እንደሚቻል ይናገራል። ከዚያ በኋላ ልጅቱን የመለሳት የለም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይባችሁ ነው፤ ይህ ካልገባን የቀረው ሁሉ ተረት ይሆንብናል።

አቶምን በማይክሮስኮፕ ለምን አናይም? የምናይበት ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ነው። በሞለኪውል ውስጥ በሁለት ጎረቤት የካርቦን አቶሞች መካከል ያለው ርቀት ደግሞ 0.15 ናኖሜትር ገደማ ነው። በአካፋ ጤፍ አይለቀምም። ኤክስሬይ ግን ሞገዱ ከአቶሞቹ ርቀት ጋር ይመጣጠናል። ችግሩ የተበተነውን ኤክስሬይ መልሶ ሰብስቦ ምስል የሚሠራ መነጽር በዚያ ዘመን አልነበረም። አንድ ሞለኪውል ብቻውን የሚበትነው ጨረር ደግሞ ከቁጥር አይገባም።

ክሪስታል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የነጠላችሁን ጥለት ተመልከቱ። አንዲት ትንሽ ቅርጽ አለች፤ ሸማኔው ያቺኑ ቅርጽ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይደጋግማታል። አንዷን ካወቃችሁ ሁሉንም አወቃችሁ። ክሪስታል ማለት ወደ ጎን፣ ወደ ፊትና ወደ ላይ የተደገመ ጥለት ነው፤ ቅርጿ ሞለኪውሏ ነች። ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን ሞለኪውሎች በአንድ አቅጣጫ ተሰልፈው ሲቆሙ፣ እያንዳንዳቸው የሚበትኑት ደካማ ጨረር በአንዳንድ አቅጣጫ ይደመራል፣ በሌላው ይጠፋፋል። ከክሪስታሉ ጀርባ ፊልም ብታስቀምጡ በሥርዓት የተደረደሩ ነጠብጣቦች ታያላችሁ። በ1912 ሙኒክ ውስጥ በማክስ ፎን ላወ ሐሳብ ፍሪድሪክና ክኒፒንግ ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዩ የተጠቀሙበት ክሪስታል የመዳብ ሰልፌት ነበር፤ ያችው የልጆች ሰማያዊ ክሪስታል። በሚቀጥለው ዓመት ብራግና ልጃቸው ሎረንስ ከነጠብጣቦቹ ተነስተው የጨውን ውስጥ አነበቡ። አባትና ልጅ በ1915 የኖቤል ሽልማት ሲጋሩ ልጁ 25 ዓመቱ ነበር። ገበታ ጨው በአጉሊ መነጽር ብታዩ ፍሬው አራት ማዕዘን የሆነ ትንሽ ሣጥን ነው። ሶዲየሙና ክሎሪኑ በውስጡ እንደ ዳማ ሰሌዳ ተፈራርቀው ስለቆሙ ነው፤ ከአፋር የሚመጣው አሞሌም ሲፈረካከስ ያንኑ ሥርዓት ይዞ ነው።

እስከዚህ ቀላል ነው። መከራው አሁን ይመጣል።

ማሕሌት ላይ ብዙ ከበሮ ሲመታ አስቡ። አንድ ሰው መጥቶ እያንዳንዱ ከበሮ ምን ያህል በኃይል እንደተመታ በወረቀት ጽፎ ሰጣችሁ፤ መቼ እንደተመታ ግን አልጻፈም። ዜማውን መልሳችሁ ታገኙታላችሁ? አታገኙትም። ፊልሙም የሚሰጠን ይህንኑ ነው። የነጠብጣቡ ጥቁረት የሞገዱን ኃይል ይነግረናል፤ ሞገዱ ከሌሎቹ ቀድሞ ይሁን ዘግይቶ ግን አይነግረንም። የዘርፉ ሰዎች ይህን «የፌዝ ችግር» ይሉታል፤ «ፌዝ» የሚሉት በእንግሊዝኛ ይህንኑ የሞገዱን መቅደምና መዘግየት ነው፤ የዶሮቲ ሕይወት በሙሉ ከዚህ ችግር ጋር የተደረገ ድርድር ነው ብል አላጋነንኩም። አንዱ መውጫ በሞለኪውሉ ውስጥ አንድ ከባድ አቶም መኖሩ ነው። ድምፁ ሁሉን የሚውጥ አንድ ነጋሪት በመካከል ቢኖርና እሱ መቼ መቼ እንደሚመታ ብታውቁ፣ የሌሎቹን በእሱ ለክታችሁ መገመት ትችላላችሁ። አዮዲን፣ ሩቢዲየም፣ ኮባልት፤ እነዚህ የዶሮቲ ነጋሪቶች ናቸው።

ከዚያ ስሌት አለ። ኮምፒውተር ሳይኖር። የሳይንና የኮሳይን ዋጋ የታተመባቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ቀጫጭን የወረቀት ቁራጮች በሣጥን ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ እየመዘዙ፣ እየደመሩ፣ እየመለሱ። ለአንድ ካርታ ወራት።

በኦክስፎርድ ሶመርቪል ኮሌጅ ተምራ በ1932 እንደጨረሰች ካምብሪጅ ወደ ጆን ዴዝመንድ በርናል ሄደች። በርናል ሁሉን አወቅ የሚባል፣ ኮሚኒስት፣ ሐሳቡ ከአፉ የሚቀድም ሰው ነበር። በ1934 ከስዊድን የፔፕሲን ክሪስታሎች መጡለት፤ ፔፕሲን በጨጓራችን ምግብ የሚፈጭ ፕሮቲን ነው። ከዚያ በፊት የፕሮቲን ክሪስታል በኤክስሬይ የሞከረ ሁሉ ደብዛዛ ጥላ እንጂ ነጠብጣብ አላገኘም ነበር። በርናል የተረዳው ክሪስታሉ ሲደርቅ እንደሚፈርስ ነው። በውስጡ ብዙ ውኃ አለ። ስለዚህ ካደገበት ፈሳሽ ጋር በቀጭን የመስታወት ቱቦ ውስጥ አሸገው፤ ፊልሙም በነጠብጣብ ተሞላ። ፕሮቲን ሥርዓት ያለው ቅርጽ እንዳለው የታወቀው በዚያች እርጥብ ክሪስታል ነው።

ዶሮቲ በዚያ ቀን ቤተ ሙከራ ውስጥ አልነበረችም። እጇን እያመማት ለንደን ሐኪም ዘንድ ሄዳ ነበር። የመገጣጠሚያ ብግነት ነበረባት፤ ገና በሃያዎቹ ዕድሜዋ ሳለች። በ1938 የመጀመሪያ ልጇን ከወለደች በኋላ በሽታው ከፋ፤ ጣቶቿ እየተጣመሙ ሄዱ። ጋዜጠኞችና ሠዓሊዎች ይህን እጅ ይወዱታል፤ ሄንሪ ሙር እጇን ብቻ ሥሏል። እኔ ስለዚህ እጅ የምወደው አንድ ነገር ቢኖር የኤክስሬይ መሣሪያውን ዋና ማብሪያ ማዞር ሲያቅታት ያደረገችው ነው፦ ረጅም እጀታ አስቀጠለችበትና ሥራዋን ቀጠለች። በቃ።

ኦክስፎርድ ስትመለስ የተሰጣት ቦታ የዩኒቨርሲቲው ሙዚየም ጥግ ነበር፤ ከዳይኖሰር አጥንትና ከጢንዚዛ ጎረቤት። ማይክሮስኮፑ መስኮቱ አጠገብ ከፍ ካለ ሰገነት ላይ ስለነበረ ክሪስታሉን ለማየት በመሰላል መውጣት አለባት፤ በአንድ እጇ መሰላሉን፣ በሌላው ከጤፍ ፍሬ የምታንስ ክሪስታል ይዛ መውረድ። የኦክስፎርዱ ኬሚስት ሮበርት ሮቢንሰን 10 ሚሊግራም ኢንሱሊን የሰጧት እዚህ ሳለች ነው። ክሪስታሎቹ በጣም ትንንሽ ስለነበሩ አሟሙታ እንደገና አሳደገቻቸው። በ1935 አንድ ምሽት፣ አራት ሰዓት ገደማ፣ ፊልሙን ስታጥብ በመሐሉ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ብቅ አሉ። እንቅልፍ እምቢ ብሏት በኦክስፎርድ መንገዶች ላይ በሌሊት ስትዞር ቆየች። ዕድሜዋ 24 ነበር።

ወጣት ተመራማሪ እንዲህ ዓይነት ነገር በእጁ ሲገባ ምን ያደርጋል? ሙጭጭ ይልበታል። እኛም እንደዚያ እናስተምራለን፤ የጀመርከውን ጨርስ፣ ተስፋ አትቁረጥ። ኢንሱሊንም ፕሮቲን ነው፤ በውስጡ ሃይድሮጂንን ጨምሮ ወደ 800 የሚጠጉ አቶሞች አሉ። በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ 800 አቶም የሚያነብ ዘዴ የለም፤ ከበሮው ብዙ፣ ነጋሪት የለም፤ ፕሮቲኑ የተገነባባቸው አሚኖ አሲዶች ቅደም ተከተል ራሱ አይታወቅም። ዶሮቲ ይህን አየች። ፎቶግራፉን አሳተመች፣ ክሪስታሉ ምን ያህል ስፋት እንዳለው፣ ሞለኪውሉ ምን ያህል እንደሚመዝን ሊነገር የሚቻለውን ተናገረች፤ አልፎ አልፎ ብቅ እያለች ከማየት በቀር ለረጅም ዘመን እዚያው ተወችው። በዚያው ዘመን ከግማሽ ማስረጃ ተነስተው ስለ ፕሮቲን ቅርጽ ትልልቅ ንድፈ ሐሳብ የሠሩ ሰዎች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ የእሷን ፎቶግራፍ ምስክር አድርገው ጠርተዋል። ክሪስታሉ ያንን አይልም ብላ አልተባበረቻቸውም። ይህ ትዕግሥት ከምንለው የተለየ ነገር ይመስለኛል። ትዕግሥተኛ ሰው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እሷ አልጠበቀችም፤ ኢንሱሊንን ለማንበብ የሚያስፈልገውን ፊደል በትንንሽ ሞለኪውሎች ላይ መቁጠር ጀመረች።

የመጀመሪያው የኮሌስትሮል ወገን ነበር፤ አዮዲን ተቀጥሎበት ከተማሪዋ ከሃሪ ካርላይል ጋር ጨረሰችው። ይህን በቶሎ አልፈዋለሁ፤ ፔኒሲሊን እየጠበቀን ነው።

በ1940 ኦክስፎርድ ውስጥ ሃዋርድ ፍሎሪና ኧርነስት ቼይን በባክቴሪያ የተለከፉ አይጦችን በፔኒሲሊን አዳኑ። ቼይን ለዶሮቲ አንድ ቀን ክሪስታል እናመጣልሻለን ብሎ ቃል ገባላት። ጦርነት ነው፤ ሥራው ምሥጢር ነው። መድኃኒቱን በፋብሪካ ለመሥራት ቀመሩን ማወቅ ያስፈልጋል፤ በአትላንቲክ ወዲህና ወዲያ ያሉ ኬሚስቶች በሁለት ጎራ ተከፈሉ። ሮቢንሰን፣ የዘመኑ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ንጉሥ፣ አንደኛውን ቅርጽ ደገፉ። ሌላኛው ጎራ ያቀረበው ቅርጽ ደግሞ ለጆሮ የሚከብድ ነበር፦ አራት አቶሞች ብቻ ያሉት ቀለበት፣ ሦስት ካርቦንና አንድ ናይትሮጂን። ካርቦን ክንዶቹን ወደ 109 ዲግሪ ዘርግቶ መቆም ይወዳል፤ በአራት ማዕዘን ቀለበት ውስጥ ወደ 90 መታጠፍ አለበት። እንደ ተወጠረ ቀስት ነው። በመድኃኒት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ይገኛል ብሎ የሚያምን ጥቂት ነበር።

ዶሮቲና ተማሪዋ ባርባራ ሎው የፔኒሲሊንን የፖታሲየምና የሩቢዲየም ጨው ያዙ፤ የሶዲየሙን ቻርልስ በን በአንድ የኬሚካል ኩባንያ ውስጥ ያዘ። ሩቢዲየሙ ነጋሪት ሆነ። ዶሮቲ ማንንም አልደገፈችም። ይህች ክፍል ከዚያች ክፍል ጋር ትያያዛለች ብላ ቀድማ ሳትወስን፣ አቶሞቹ የት እንዳሉ ብቻ ከካርታው አነበበች። በ1945 ቀለበቱ ወጣ፤ አራት ማዕዘን። ከሮቢንሰን ጎራ የነበረው ወጣቱ ጆን ኮርንፎርዝ፣ የፔኒሲሊን ቀመር ይህ ከሆነ ኬሚስትሪ ትቼ እንጉዳይ አበቅላለሁ ብሎ ነበር። ቀመሩ ያው ሆነ። እሱም እንጉዳይ አላበቀለም፤ በ1975 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመ። ለነገሩ ፔኒሲሊንም ከሻጋታ የሚገኝ ነውና፣ እንጉዳይ ቢያበቅል ኖሮ ከዘመዱ አልራቀም ነበር።

ያ የተወጠረ ቀለበት የፔኒሲሊን መንጠቆ ነው። ባክቴሪያው ግድግዳውን የሚያጠብቅበት አንድ ኢንዛይም አለ፤ ቀለበቱ እዚያ ላይ ሲደርስ ተፈናጥሮ ይከፈትና ይጣበቅበታል፤ ግድግዳ ሠሪው ሥራ ይፈታል። በልጅነታችን ፕሮካይን የተወጋን ሁሉ፣ ዛሬም ልባቸው በሩማቲክ በሽታ የተጎዳ ልጆቻችን በየወሩ ቤንዛቲን የሚወጉት፣ በዚያች አራት ማዕዘን ነው። ባክቴሪያዎቹም ተምረዋል፤ ያቺኑ ቀለበት የሚቆርጥ መቀስ አብጅተዋል። የመድኃኒት መላመድ የምንለው አንዱ መልኩ ይህ ነው፤ የምንከላከለውም የቀለበቱን ቅርጽ ስለምናውቅ ነው።

በ1948 ሌስተር ስሚዝ የተባለ ኬሚስት ከጉበት የወጣ ጥቁር ቀይ ክሪስታል ሰጣት። ቫይታሚን ቢ12። የዚህ ቫይታሚን እጥረት የሚያመጣው የደም ማነስ በዚያ ዘመን ሰው ይገድል ነበር። ቀመሩ ሲጠናቀቅ 181 አቶም፤ ሃይድሮጂኑን ብትተዉት 93። ቅላቱ የመጣው በመካከሉ ከተቀመጠ አንድ ኮባልት ነው። ነጋሪት አለ ማለት ነው፤ ግን ለ93 ከበሮ ድምፁ ትንሽ ነበር። በወረቀት ቁራጭ ይህን ማስላት የዕድሜ ልክ እስር ነው።

በ1953 ኬነዝ ትሩብለድ የሚባል አሜሪካዊ ኦክስፎርድን ሊጎበኝ መጣ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ በጊዜው ፈጣን የሚባል ኮምፒውተር እጁ ላይ ነበረው፤ ለክሪስታል ስሌት የሚሆን ፕሮግራምም ጽፎለታል። ላስላልሽ አላት፤ በነጻ። ከዚያ ወዲያ ቁጥሮች በፖስታና በቴሌግራም አትላንቲክን ተሻገሩ፦ ከዚህ ልኬት፣ ከዚያ ካርታ። በዚያው ዓመት እሷ ራሷ አሜሪካ ልትሄድ ስትል በፖለቲካ ወዳጆቿ ምክንያት ቪዛ ተከልክላለች። ቁጥሮቿ ግን ቪዛ አልተጠየቁም። በ1955 የሞለኪውሉ ልብ ተገለጠ፤ ኮባልቱን የከበበው ቀለበት ኬሚስቶች ከዚያ በፊት አይተውት የማያውቁት ዓይነት ነበር፤ ኋላ «ኮሪን» ተባለ። ሎረንስ ብራግ ሥራውን የድምፅን ፍጥነት ከማለፍ ጋር አመሳሰሉት። ለእኔ ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ከዚያ በፊት ኬሚስት ቀመሩን አውጥቶ ለክሪስታል ሰው ያረጋግጥልኝ ብሎ ያመጣ እንደነበረ ነው። ከቢ12 በኋላ ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ።

በ1964 የኬሚስትሪ ኖቤል ለእሷ ብቻ ተሰጠ። ከማሪ ኩሪና ከልጇ ከኢሬን ቀጥሎ በኬሚስትሪ ሦስተኛዋ ሴት ነበረች። ዜናው ሲደርስ እሷ ጋና ነበረች፤ ባሏ ቶማስ ሆጅኪን በንክሩማ ዘመን በጋና ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ ጥናት ተቋምን ይመራ ነበር። በአገሯ አንድ ጋዜጣ የኦክስፎርድ የቤት እመቤት ኖቤል ተሸለመች የሚል ርዕስ ሰጠ። ሦስት ልጆች ማሳደጓ እውነት ነው። ለወንድ ተሸላሚ «የሦስት ልጆች አባት» ብሎ ርዕስ የሚሰጥ ጋዜጣ ግን እስካሁን አላየሁም።

ስለ ተማሪዎቿ ከተነሳ፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ ማርጋሬት ሮበርትስ የምትባል ልጅ የመመረቂያ ሥራዋን ከእሷ ጋር ሠርታለች፤ በኋላ ታቸር የተባለችው። መምህሯ ግራ ዘመም፣ ለሰላም የምትሟገት፣ ፑግዋሽ የተባለውን የሳይንቲስቶች ንቅናቄ የመራች፤ ተማሪዋ የወግ አጥባቂዎች ጠቅላይ ሚኒስትር። ያም ሆኖ ታቸር የመምህሯን ሥዕል ቤተ መንግሥቷ ውስጥ ሰቅላ ነበር።

አሁን ወደ እንቁላሉ እንመለስ። ዶሮቲ በሌላ ሥራ ላይ ሳለች ጎጆው ሲሞቅ ነበር። ፍሬድሪክ ሳንገር በ1955 የኢንሱሊንን 51 አሚኖ አሲዶች ቅደም ተከተል ጨረሰ። ማክስ ፔሩትዝ ካምብሪጅ ውስጥ በሄሞግሎቢን ክሪስታል ላይ ሜርኩሪ ጨምሮ፣ ያለ ሜርኩሪና ከሜርኩሪ ጋር ያሉትን ፎቶግራፎች በማወዳደር ከበሮዎቹ መቼ እንደተመቱ ማወቅ እንደሚቻል አሳየ፤ ነጋሪት ከሌለ ከውጭ አምጥቶ ማስገባት ማለት ነው። ኮምፒውተሮቹም አደጉ። በ1960ዎቹ ከኒው ዚላንድ ጋይ ዶድሰን፣ ከሕንድ ቪጃያን፣ ሌሎችም ወጣቶች ተሰበሰቡ። ከባድ አቶም ኢንሱሊን ውስጥ ማስገባት አስቸጋሪ ሆኖ ዓመታት ወሰደ።

በ1969 ካርታው ተነበበ። ስድስት የኢንሱሊን ሞለኪውሎች ሁለት የዚንክ አቶሞችን ከበው እንደ ሰዎች በመሶብ ዙሪያ ተቀምጠዋል። ቆሽታችን ኢንሱሊንን በዚህ መልክ ያከማቻል፤ በደም ውስጥ ሲሠራ ግን ከመሶቡ ተነስተው አንድ በአንድ መለያየት አለባቸው። ይህ ከታወቀ በኋላ ቶሎ የሚለያዩ፣ ምግብ ሲቀርብ የሚወጉ ፈጣን ኢንሱሊኖችን መሥራት ተቻለ። በተመሳሳይ ዘመን ቤጂንግ ውስጥ ከውጭው ዓለም ተቆርጠው የሚሠሩ ቻይናውያን ኢንሱሊንን ለብቻቸው ፈቱ። ዶሮቲ በ1972 ቤጂንግ ድረስ ሄዳ ሁለቱን ካርታዎች ጎን ለጎን አመሳከረች፤ ሥራቸውንም ለዓለም መሰከረች።

ከመቀመጤ በፊት አንድ ነገር ላሳያችሁ። ይህ በእጄ ያለው ውጤቱ በ1969 የታተመበት ጽሑፍ የመጀመሪያ ገጽ ነው። ከርዕሱ ሥር አሥር ስሞች አሉ። በ1935 ፊልሙን ያጠበችው፣ የኖቤል ተሸላሚዋ፣ ቤተ ሙከራው የእሷ የሆነው። ከላይ ወደ ታች ቁጠሩ፤ አዳምስ፣ ብለንደል፣ ሁለቱ ዶድሰኖች፣ ቪጃያን፣ ቤከር፣ ሃርዲንግ። ሆጅኪን ስምንተኛዋ ነች።